ግፊትን በየምቱ የሚለካ ነርቭ ካለን ለምን አይታወቀንም?

ይሄ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነበብኩት ክር፣ ማለትም ተከታታይ የሰዎች ውይይት ነው፤ መላሾቹን በምላሻቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ክሩን የከፈተው ሰው ሁለት ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው። ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ግፊቱ ሲለካ 168 በ104 ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ምንም አልተሰማውም። ራሱን አላመመውም፣ አላዞረውም፣ እንቅልፍ አልነሳውም። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። በአንገትና በደረት ውስጥ ባሉ ትልልቅ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ የደም ግፊትን የሚከታተሉ የነርቭ ጫፎች እንዳሉ፣ ባሮሪሴፕተር እንደሚባሉ አገኘ። የተናደደው እዚህ ላይ ነው። ግፊቱን በየልብ ምቱ የሚለካ ነገር በውስጡ ካለ፣ አንደኛ ለምን አልነገረውም? ሁለተኛ ለምን አላስተካከለለትም? ወይ ያነበበው ውሸት ነው፣ ወይ የእሱ ነርቮች ሞተዋል። ሦስተኛ አማራጭ አልታየውም።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የየራሳቸው መልስ እንዳላቸው እስኪለይ ግን ሰዉ ብዙ ተጨቃጨቀ። እንደ ቅደም ተከተላቸው ልንገራችሁ። አንዳንዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋለሁ፤ ከዚያ በላይ የለውም።

ምላሽ 1 ጨዋ ነው። ይማርህ ብሎ ይጀምርና ቦታዎቹን ያሳያል። አንዱ አንገት ላይ ነው። ወደ ራስ የሚወጣው ካሮቲድ የተባለው ደም ቅዳ ከመንጋጋ ጥግ ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ እዚያች መከፈያ ላይ ትንሽ ሰፋ ያለች ክፍል አለች፣ ካሮቲድ ሳይነስ ትባላለች። በቀኝም በግራም አለች። ሌላው ቦታ ከልብ የሚወጣው አኦርታ ቅስት ሠርቶ የሚታጠፍበት ነው። ከአንጎል ከሚነሱት 12 ጥንድ ነርቮች 9ኛው የአንገቱን መልእክት ያደርሳል፣ 10ኛው፣ ማለትም ቬገስ፣ የደረቱን። ሁለቱም የሚደርሱት አንጎል ግንድ ነው፤ ትንፋሽንና የልብ ምትን እኛ ሳናስብበት የሚመራው ክፍል። መልእክቱ እዚያው ይሠራበታል እንጂ እንደ ሕመም ወይም እንደ ሙቀት ሆኖ አይታወቀንም። ለመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ከሞላ ጎደል በቂ ነበር።

ግን 2 ቁጥር መጣ። ይሄ ሰው ግፊቱ ሲነሳ ያውቀዋል። ማጅራቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ጆሮው ይጮኻል፣ ፊቱ ይግላል። ለዓመታት እንዲህ ነው፣ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፣ መለኪያም አያስፈልገውም። የ1 ቁጥርን መልስ የመጽሐፍ ወሬ ብሎ አጣጥሎታል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ተከራክሮ መርታት ከባድ ነው። የማይለካ ሰው መቼም አይሳሳትም።

3 ላይ የጻፈችው ነርስ ናት። እርስዎ እያለች፣ ረጋ ብላ ነው የመለሰችለት። በሥራዋ በየጊዜው የምታየው ተቃራኒውን ነው። ዛሬ ተነስቶብኛል ብሎ የሚመጣው ሲለካ ደህና ይሆናል። ምንም የለብኝም ያለው ደግሞ ከ180 በላይ ሆኖ ይገኛል። ከ180 በ120 ሲያልፍ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የደረት ሕመም ሊኖር እንደሚችል፣ እነዚህ ከታዩ ለነገ የሚባል ነገር እንደሌለ ታስጠነቅቃለች። ከዚያ በታች ግን ስሜቱና ቁጥሩ ብዙም አይገናኙም። ማጅራቱን ባመመው ቀን ግፊቱ ከፍ ብሎ ቢገኝ እንኳ፣ ሕመሙና ጭንቀቱ ግፊቱን አንስተውት ይሆናል እንጂ የግድ ግፊቱ ሕመሙን አላመጣም። መጨረሻ ላይ እንዴት መለካት እንዳለበት ጻፈችለት፦ 5 ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን ሳያጣምር፣ ክንዱን በልቡ ትይዩ አሳርፎ፣ ሳያወራ። ሳያወራ የምትለዋ በእሱ ላይ የተወረወረች ትመስላለች፤ እኔ እንጃ።

4 ቁጥር የ1 ቁጥርን መልስ ለማረም ነው የገባው፣ ትንሽ ኮራ ብሎ። የነርቭ ጫፎቹ ግፊት የሚባል ነገር አያውቁም ባይ ነው። የሚያውቁት መለጠጥን ነው። ደም ሲገፋ የደም ቅዳው ግድግዳ ይለጠጣል፣ ግድግዳው ውስጥ የተጠላለፉት የነርቭ ጫፎችም አብረው ይወጠራሉ። ማስረጃው ደግሞ ደስ ይላል። ካሮቲድ ሳይነስን ከውጭ በጀሶ አሽገው ግድግዳው እንዳይለጠጥ ያደረጉ ተመራማሪዎች ነበሩ። ውስጡ ያለው ግፊት ቢጨምርም ሰውነቱ መልስ አልሰጠም። ግፊት አለ፣ መለጠጥ የለም፣ መልእክት የለም።

ይኸው ሰው ወደ አዲሱ ዘመን ይሻገራል። በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፒየዞ 1 እና ፒየዞ 2 የሚባሉ ፕሮቲኖች ተገኙ። በሕዋስ ሽፋን ላይ የተቀመጡ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ሽፋኑ ሲወጠር ይከፈታሉ፣ ኤሌክትሪክ የያዙ አዮኖች ይገባሉ፣ ነርቩ ምልክቱን ይልካል። ያገኘው የአርደም ፓታፑቲያን ቤተ ሙከራ ነው፤ ሰውየው በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር የተካፈለው በዚህ ሥራው ነው። በ2018 ደግሞ ሁለቱንም ፕሮቲኖች ከአይጦች የስሜት ነርቮች ላይ ያጠፉ ተመራማሪዎች ግፊትን የሚያስተካክለው ሥርዓት መጥፋቱን አሳዩ። የአይጦቹ ግፊት ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። አንዱን ብቻ ሲያጠፉ ግን ሌላው ይሸፍንለታል።

አንዳንዱ ይሄን እርማት ቃል ማጣራት አድርጎ ቆጥሮት አለፈ። አይደለም። ብዙው ነገር የሚፈታው በዚህ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደም ቅዳ ይደድራል። የደደረ ግድግዳ በዚያው ግፊት ቀድሞ የሚለጠጠውን ያህል አይለጠጥም። ስለዚህ ነርቩ ባይሞትም የሚልከው ያንሳል፣ የሽማግሌዎችም ግፊት ሲነሱና ሲቀመጡ በቀላሉ ይዋዥቃል።

5 ላይ 2 ቁጥር ተመልሶ መጣ። እርስዎ ስትለው የነበረችውን ነርስ አንቺ ብሎ ጀመረ። መለኪያዎቹ የተበላሹ ናቸው፣ ነርሶች ክንድ ላይ ከልብስ በላይ ያስራሉ፣ ሰው የራሱን ሰውነት ከማሽን ይልቅ ያውቃል። ከልብስ በላይ ማሰር ስህተት እንደሆነ ልክ ነው። የቀረው ቁጣ ነው።

6 ቁጥር የክሩ ምርጥ መልስ ይመስለኛል። የሰውነት አሠራር ተማሪ ነው የጻፈው፣ ረጅም ነው፣ መካከል ላይ ይንዛዛል፣ ግን የሁሉንም አስተሳሰብ የሚገለብጥ አንድ ነገር አለው። አብዛኛው ሰው እነዚህን ነርቮች ዝም ብለው ቆይተው ግፊት ሲነሳ ብቻ የሚጮኹ አድርጎ ያስባቸዋል። እነሱ ግን ሁልጊዜ ያወራሉ። ግፊት ደህና ሲሆንም ያወራሉ። ልብ ደም በገፋ ቁጥር ግድግዳው ይለጠጣል፣ ተከታታይ ምልክት ይሄዳል፤ ልብ ሲያርፍ ምልክቱ ይሳሳል። በ1932 ብሮንክና ስቴላ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጥንቸል አንገት ነጠላ የነርቭ ክሮችን ለይተው ይሄን ከምት ጋር የሚሄድ ምልክት ቀድተውታል።

ከዚያ ቁጥሮቹን ይሰጣል። የአንገቶቹ ከ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (ግፊት የሚለካበት መስፈሪያ ነው) አካባቢ ጀምረው ይናገራሉ፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ምልክቱ ይበዛል፤ 180 አካባቢ ሲደርሱ ግን ከዚያ በላይ መጨመር አይችሉም። የአኦርታዎቹ ከዚያ ከፍ ባለ ግፊት ነው የሚጀምሩት። ለትንሿ ለውጥ ትልቁን መልስ የሚሰጡት ግን መካከል ላይ፣ ሰው በተለምዶ በሚኖርበት ግፊት ዙሪያ ነው። ክሮቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ወፍራሞቹና ሽፋን ያላቸው ፈጣን ናቸው፤ ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭኖቹ ዘግየት ይላሉ፣ ብዙዎቹም ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋሉ።

መልእክቱ አንጎል ግንድ ውስጥ ኑክሊየስ ትራክተስ ሶሊታሪየስ የሚባል ቦታ ሲደርስ ሁለት መንገድ ይይዛል። በአንዱ ቬገስን ያበረታና ልብን ያዘገያል። በሌላው ደም ሥሮችን አጥብቆ የሚይዘውን የሲምፓቴቲክ ማዕከል ይገታዋል፣ ደም ሥሮች ይላላሉ። ግፊት ሲወድቅስ? የተለየ የወደቀ ምልክት የለም። መለጠጡ ይቀንሳል፣ ወሬው ይሳሳል፣ የተገታው ማዕከል ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ሥር ይጠብቃል። የመልእክቱ መቅረት ራሱ መልእክት ነው። የቬገስ ወገን የሚቀጥለው ምት ላይ መሥራት ይችላል። የደም ሥሮቹ መጥበቅ ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል።

ለ2 ቁጥርም መጨረሻ ላይ አንድ አንቀጽ ትቶለታል። የሚሰማው ነገር ውሸት አይደለም፤ የአንገት ጡንቻ መወጠር ወይም የልብ ምት መጠንከር ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ግን እሱ ብቻውን አይሰማም። እንዲህ ለሰው ክብር ትቶ የሚያርም ሰው በመድረክ ላይ ብዙ አይገኝም።

7 ላይ አንዱ ሙድ ያዘ፤ ይሄን ሁሉ የላቲን ስም ሲያነብ ግፊቱ እንደተነሳ ጻፈ። ሳቅ የሚያሳዩ ምልክቶች ተከተሉ።

8 ቁጥር አንዲት ሴት ናት። ከተኛችበት ፈጥና ስትነሳ ዓይኗ ጭልም ይላል፣ ግድግዳ ትይዛለች፣ ከዚያ ይለቃታል። ይሄስ ከዚህ ጋር ይገናኛል ወይ ብላ ጠየቀች። ይገናኛል፤ 9 ቁጥር በደንብ አስረድቷታል። ሰው ሲቆም ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሊትር የሚሆን ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል፣ ልብ የሚገፋው ይቀንሳል፣ አንገት ላይ ያለው ግድግዳ ይረግባል። ነርቮቹ ወሬያቸውን ሲቀንሱ አንጎል ግንድ ልብን ያፈጥናል፣ ደም ሥሮችን ያጠብቃል። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንዶች ነው፤ ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። የእሷ ጭልምታ ማስተካከያው እስኪደርስ ያለችው ክፍተት ናት።

ቋሚ ችግር የሚባለው በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም የታችኛው 10 ሲወርድ ነው። ምክንያቱ የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላል። የግፊት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ለፕሮስቴት የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶችም ደም ሥር ያላላሉ። የቆየ ስኳር በሽታ ደግሞ ነርቮቹን ራሳቸውን ይጎዳል። አልጋ ጠርዝ ላይ ትንሽ እንድትቀመጥ፣ ከመቆሟ በፊት የእግሯን ጡንቻ እንድታጠብቅና እንድትለቅ፣ ደጋግሞ ከመጣ ተኝታም ቆማም እንድትለካ መክሯታል። አመሰገነችው። እስከዚህ ድረስ ክሩ ሰላም ነው።

10 ላይ የክሩ ባለቤት ተመለሰ። ስለሚሰማና ስለማይሰማ ገብቶታል። ሁለተኛው ጥያቄው ግን ተረስቷል። በሰከንድ ውስጥ ግፊት የሚያስተካክል ነርቭ ካለው፣ 168 ላይ ምን ያደርጋል? አባባሉ ትንሽ ቆጣ ያለ ነው፣ ግን እውነቱን ነው።

11 ቁጥር በምሳሌ መለሰለት። እጁ ላይ ሰዓት ያሰረ ሰው መጀመሪያ ይሰማዋል፣ ቆይቶ እንዳሰረ ይረሳል፤ ነርቮቹም ከፍ ያለውን ግፊት ለመዱት። ቀላል ነው፣ ያምራል፣ ብዙ ሰው ወደደው። 12 ቁጥር ግን አልተዋጠለትም፣ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ሰዓቱን የረሳ ሰው መሰማት ያቆመ ሰው ነው። እነዚህ ነርቮች ግን መሥራት አላቆሙም። የሆነው ሌላ ነው። ግፊት ከፍ ብሎ ሲቆይ፣ በቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ፣ የሚሠሩበት ክልል በሙሉ ወደ ላይ ይሸሻል። ድሮ በ100 ይልኩት የነበረውን ያህል ምልክት አሁን በ140 ይልካሉ። አንጎል ግንድ ሁሉ ነገር ደህና ነው የሚል ወሬ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ የባለቤቱ ነርቮች ሕያው ናቸው፣ በትጋት ይሠራሉ፣ የሚጠብቁት ግን ከፍ ያለውን ግፊት ነው። ሲቆም ግፊቱ እንዳይወድቅ ያደርጋሉ፣ ሲጨነቅ ከልክ በላይ እንዳይወጣ ይገታሉ፣ ግን በአዲሱ ልክ ዙሪያ።

ይሄ መልስ ለሌላም ነገር ይሆናል፤ 12 ራሱ ጠቆም አድርጎታል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ግፊት በመድኃኒት በአንዴ ቢወርድ፣ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ያዞረዋል። አንዱ ምክንያት ነርቮቹ አዲሱን ግፊት እንደ መውደቅ መቁጠራቸው ነው። ቀስ ተብሎ ሲወርድ ክልላቸውም አብሮ ይወርዳል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በዚህ ማዞር ነው፤ ቢነገረው ኖሮ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መጠኑን ያስተካክል ነበር።

13 ላይ አንድ ሰው ውሾቹን አመጣ። በ1973 ካውሊ፣ ሊያርድና ጋይተን የተባሉ ተመራማሪዎች የውሾችን የባሮሪሴፕተር ነርቮች ቆርጠው ግፊታቸውን ቀኑን ሙሉ ተከታተሉ። ጤነኛ ውሻ አብዛኛውን ቀን 100 አካባቢ ይውላል። ነርቭ የሌለው ውሻ አንዴ 50 ይወርዳል፣ አንዴ 160 ያልፋል፤ ሲበላ፣ ሲነሳ፣ ሲደነግጥ ይዘላል። አስገራሚው ግን የቀኑ አማካይ ነው። ከጤነኛው ብዙም አልራቀም። ነርቮቹ መዋዠቁን ነው የሚይዙት፤ አማካዩን የሚወስን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

14 ቁጥር ይሄን ይዞ ነጎደ። እንግዲያው ስለ ነርቭ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው፣ ሁሉም ነገር ኩላሊት ነው፣ ጨውና ውኃ የሚያስወጣው ኩላሊት ነው የረጅም ጊዜውን ግፊት የሚወስነው፣ እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ተረት ነው አለ። አጻጻፉ ስድብ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

15 ቁጥር በዚያው ቋንቋ መለሰለት፤ ግማሽ ያነበበ ሰው ካላነበበው ይብሳል እስከማለት ደረሰ። ስድቡን ትቼ ቁምነገሩን ላውጣው። ኩላሊት ራሱ ነርቭ አለው። ከአንጎል ግንድ የሚወጣው የሲምፓቴቲክ ትእዛዝ ኩላሊትን ሬኒን የሚባለውን ግፊት ከፍ የሚያደርግ ንጥረ ነገር እንዲለቅና ጨው እንዲይዝ ያዝዘዋል። የአንገቱን ነርቭ ያለማቋረጥ በኤሌክትሪክ ሲያነቃቁት ይሄ ትእዛዝ ይቀንሳል፤ በውሾች ላይ ለቀናት ግፊት ዝቅ ብሎ ቆይቷል። በዚህ ሐሳብ ለሰው የሚቀበር መሣሪያ ተሠርቷል፤ ባሮስቲም ይባላል። እንደ ልብ ማስመቻ ከደረት ቆዳ ሥር ይቀመጣል፣ ሽቦው ካሮቲድ ሳይነስ ላይ ይሰፋል። አሜሪካ ውስጥ በ2019 ፈቃድ ያገኘው ለልብ ድካም ነው። ለግፊት የተሞከረው የቀድሞው ዓይነት በ2011 በወጣው ትልቅ ሙከራ ካቀዳቸው ግቦች የተወሰኑትን አላሳካም። ይሄን የመጨረሻውን 15 ቁጥር ራሱ ጽፎታል፤ ለእሱ ክርክር ባይጠቅምም አልደበቀውም። እንደኔ ግምት 14ም 15ም ከፊል ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ያንን ማመን አልፈለጉም።

16 እና 17 በጨው ተጣሉ። ይዝለሏቸው።

18 ላይ አንድ የታሪክ ወዳድ ነገሩን አበረደው። መጀመሪያ የተገኘው የአኦርታው ነርቭ ነው፤ በ1866 ሲዮንና ሉድቪግ ጥንቸል ላይ ቆርጠው ወደ አንጎል የሚሄደውን ጫፍ ሲያነቃቁት ግፊት ወደቀ፣ ልብ ዘገየ። የአንገቱ ዘግይቶ ነው የታወቀው። አንገት ሲጫን ልብ እንደሚዘገይ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ ግን ቬገስ ራሱ ስለሚጫን ነው ይባል ነበር። ሄሪንግ በ1920ዎቹ መንስኤው ካሮቲድ ሳይነስ ላይ ያለው የነርቭ ጫፍ መሆኑን አሳየ። 18 ቁጥር፣ ኮርኔል ሃይማንስ የተባለው ተመራማሪ የ1938ን ኖቤል ያገኘው በዚሁ በግፊት ሥራ ነው ብሎ ጨረሰ። 19 ወዲያው አረመው፤ ሽልማቱ የተሰጠው ሳይነሱና አኦርታው በትንፋሽ ላይ ላላቸው ሚና ነው። እዚያው ካሮቲድ መከፈያ ላይ፣ ከሳይነሱ ጎን፣ ካሮቲድ ቦዲ የሚባል ትንሽ አካል አለ። እሱ መለጠጥን አይደለም የሚያየው፤ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድነት ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለሆኑ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

20 ቁጥር የአንድ ጡረተኛ ገጠመኝ ነው። ጠባብ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ለብሰው አንገታቸውን ወደ ኋላ ሲያዞሩ ወደቁ። ሁለት ጊዜ ደረሰባቸው። ልባቸው ተመረመረ፣ ደህና ነው ተባለ፤ በኋላ ነው ካሮቲድ ሳይነሳቸው ለጫና ከልክ በላይ መልስ የሚሰጥ መሆኑ የታወቀው። በምርመራ ጊዜ አንገታቸው ቀስ ተብሎ ሲታሽ ልባቸው ለጥቂት ሰከንዶች ቆመ። ለ3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆመ፣ ወይም የላይኛው ቁጥር 50 እና ከዚያ በላይ ከወረደ ያ ነው የሚባለው። በዕድሜ በገፉ ወንዶች ላይ ይበዛል። አባባ ይባሉ ጀመር፤ የሚቀጥሉት ሰዎች ሁሉ አባባ እያሉ እግዚአብሔር ይማርዎት ብለዋቸዋል።

ነገሩ የከረረው 21 ላይ ነው። አንድ ወጣት የአባባን ታሪክ አንብቦ ጥሩ ነገር ያገኘ መሰለው። ሲጨናነቅና ልቡ ሲመታ አንገቱን በሁለቱም በኩል ተጭኖ እንደሚረጋጋ፣ ሁሉም ሰው ቢሞክረው ጥሩ እንደሆነ፣ መድኃኒት እንደማያስፈልግ ጻፈ። ነርሷ 22 ላይ ተመለሰች፤ ያቺ ረጋ ያለችዋ አልነበረችም። እርስዎም የለ፣ ይቅርታም የለ። ሁለቱን በአንድ ላይ መጫን ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም መቀነስና ልብንም ማዘግየት ነው። ካሮቲድ ውስጥ ስብ ተጋግሮ ያለ ሰው ቢሆን ቁራጩ ተነስቶ አንጎል ውስጥ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ሐኪም ይሄን ሲያደርግ በአንድ በኩል ብቻ፣ አስቀድሞ በማዳመጫ አዳምጦ፣ የልብ ኤሌክትሪክ መቅጃ ተገጥሞ ነው። ጽሑፉ እንዲጠፋ ጠየቀች።

ወጣቱ 23 ላይ ተከላከለ፤ ለዓመታት ሲያደርገው ምንም አልሆነም። 24 ቁጥር የክሩን አጭሩንና ስለቱን መልስ ሰጠው፤ የሆነበት ሰው መጥቶ እዚህ እንደማይጽፍ ነገረው። አስተባባሪው ገብቶ የ21 ቁጥርን ምክር አነሳው። እኔ ብሆን ከነመልሱ እተወው ነበር፤ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው መልሱን ያነበው ነበርና።

25 ላይ ጠቃሚ ነገር ተጨመረ። በጣም ፈጥኖ የሚመታና በድንገት የሚጀምር አንድ ዓይነት የልብ ምት አለ፤ ለእሱ ሐኪሞች አሁን አንገት ከማሸት ይልቅ ማስማጥን ይመርጣሉ። ታማሚው ትንፋሹን ይዞ ለ15 ሰከንድ ይገፋል፣ ወዲያው በጀርባው ይተኛና እግሩ ወደ ላይ ይነሳል። ሲገፋ ደረት ውስጥ ያለው ጫና ደም ወደ ልብ እንዳይመለስ ያደርጋል፣ ሲለቅ ደም ይግተለተላል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ነርቮቹ ይለጠጣሉ፣ ቬገስ ልቡን ይይዘዋል። በ2015 የታተመ ሙከራ ላይ በዚህ መንገድ 43 ከመቶ ሰዎች ወደ ጤናማ ምት ተመለሱ፤ ሳይተኙና እግር ሳይነሳ በተደረገው የቀድሞው መንገድ 17 ከመቶ ብቻ ናቸው።

26 ቁጥር ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ የጻፈችው የአንድ ታማሚ ልጅ ናት። አባቷ በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት አንገታቸው በጨረር ታክሟል። ከዓመታት በኋላ ግፊታቸው ሊያዝ አልቻለም፤ ሲናደዱ ወይም ሲያማቸው ከ200 ያልፋል፣ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸው ይዘላል፤ ሲተኙ ደግሞ በጣም ይወርዳል። ቤተሰቡ መድኃኒታቸውን በትክክል አይወስዱም ብሎ ሲወቅሳቸው ነበር። 27 ላይ 6 ቁጥር ተመልሶ ጻፈላት። የአንገቱ ነርቮች በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና በሁለቱም በኩል ሲጎዱ የሚመጣ የታወቀ ችግር አለ፣ አባቷ የሚያሳዩት ነገር ከእሱ ጋር ይመሳሰላል፣ ሕክምናው ከተለመደው ግፊት ይለያል፤ የጨረሩን ታሪክ ሳትረሳ ለልብ ሐኪማቸው እንድታነሳ ነገራት። የ13 ቁጥር ውሾች እዚህ ጋ ሰው ሆነው መጡ ማለት ነው፤ እሱ ግን እንዲህ ብሎ አልጻፈላትም፣ ደግ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ክሩ ተበተነ። 28 ዋና ሲገባ ለምን ሽንቱ እንደሚመጣበት ጠየቀ። ሳቁበት፣ ግን 29 በቁምነገር መለሰ። በልብ የላይኛው ክፍሎችና ወደ ልብ በሚገቡት ትልልቅ ደም ሥሮች ግድግዳ ላይም የመለጠጥ ነርቮች አሉ፤ እነሱ የሚከታተሉት ደም ምን ያህል እንደሞላ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ የውኃው ጫና የእግሩን ደም ወደ ደረት ይገፋል፣ የልቡ ክፍሎች ይለጠጣሉ፣ አንጎል ደም በዛ ብሎ ሽንት የሚይዘውን ሆርሞን ይቀንሳል፤ ልቡም ራሱ ጨውና ውኃ የሚያስወጣ ሆርሞን ይለቃል። ጠፈርተኞችም ክብደት ስለሌላቸው ደማቸው ወደ ላይ ይወጣና ሰውነታቸው ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ወደ ምድር ሲመለሱ ብዙዎቹ መቆም የሚያቅታቸው ከፊሉ በዚህ ነው። 30 ቀጭኔን አነሳ፤ ልቧ አጠገብ ያለው ግፊት ከሰው እጥፍ ገደማ ሆኖ፣ ውኃ ጠጥታ ያንን አንገት ቀና ስታደርግ እንዴት ራሷን አትስትም ብሎ። 31 ላይ አስተባባሪው ለቀጭኔዋ ሌላ ክር እንዲከፈት ጠየቀ። 32 ከፈተ፤ 2 ቁጥር እዚያም የመጀመሪያው መላሽ ነው።